እስከ አስር ሺህ መቁጠር

ዊኒፔግ፣ የጥር ዓርብ፣ ከዜሮ በታች ሠላሳ ሁለት፣
ማሞቂያው ሲስል ከርሞ ከርሞ ጭራሽ ዝም ያለበት።
ለአከራዬ ብደውልለት «ሰኞ» አለና ዘጋው፤
ምድር ቤት ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ፣ እስከ ሰኞ ስንቴ ነው የሚነጋው?
ብርድ ልብሴን ተከናንቤ የጎተራውን ኮምፒውተር አስነሣሁት፤
«ቀርፋፋ ተብለሃል፤ በል፣ ራስህን በራስህ ሥራ» አልኩት።

የሱቅ ኮት አይደለም ይሄ፣ ለሺህ ትከሻ የተሰፋ፣
አንዱን አንቆ የሚይዝ፣ ሌላው ላይ የሚሰፋ፤
ይሄ በልክ ነው። ከከርነሉ እስከ ሰዓቱ፣ እስከ ፊደሉ ቅርጽ፣
ዘጠኝ መቶ ጥቅል ከነምንጩ፣ ለአንድ ቺፕ ብቻ የሚቀረጽ።

ኮምፓይለሩን አዘዝኩት፦ «አትራራ፤ ያለህን ስለት ሁሉ ሳል፤
ሁለቴ የተባለውን አንዴ አድርገው፤ ፍሬ የሌለውን ጣል፤
የረዘመውን ዙር ዘርግተህ አራት አራቱን በአንዴ ዋጥ፤
ይሄ ፕሮሰሰር የማያውቀው ትእዛዝ ደጁን እንዳይረግጥ።»

ሦስት ሌሊት ነደደ። ፊደሎች በስክሪኑ ላይ እንደ ዶፍ ወረዱ፤
ከኋላው በሚወጣው ሙቀት ጣቶቼ መንቀሳቀስ ለመዱ።
ሰዓት ለመግፋት አንዱን ምንጭ ከፍቼ አነበብኩ፤ ማን እንደጻፈው እንጃ፣
በዳሩ «ለምን እንደሚሠራ አላውቅም፤ ብቻ ተዉት» ይላል።
ሳቅኩበት።

ሰኞ ንጋት ላይ ተነሣ። በስድስት ሰከንድ።
ብቻዬን አጨበጨብኩ።

ይዤው ተመለስኩ ወደ ጎተራው፣ ከከተማው ወጣ ብሎ፣
መኪና ከነእህሉ ሚዛን ላይ የሚወጣበት፣ ተራውን ተከትሎ።
የመጀመሪያዋ ሚስስ ዳይክ፤ ሠላሳ ቶን ስንዴ ይዛ ወጣች፤
የሚዛኑን ቁጥር አየሁ፦ ዜሮ። እሷም በመስኮቷ አየች፤
«ሌሊቱን ሙሉ የጫንኩት ነፋስ ነው እንዴ?» ብላ ሳቀች።
እኔ አልሳቅኩም።

ሰልከርክ ደወልኩ፣ ለኦረስት፤ እሱ ነው የሚዛኑን ኮድ የጻፈው፤
ጡረታ ከወጣ ቆይቷል፣ በረዶ ሰርስሮ ዓሣ ነው የሚያጠምደው።
«እስከ አስር ሺህ የሚቆጥር አለ» አለኝ፣ «ቆጥሮም ምንም የማይሠራ፤
እሱን ፈልጊ።» ፈለግኩት። የለም፤ ዱካም የለ፣ አሻራ።
ኮምፓይለሩ ቆርጦታል። መዝኖት ነበር በራሱ ሚዛን፦
ምንም አያመጣ፣ ምንም አይወስድ፣ ዝም ብሎ የሚባዝን።

«መኪናው ሲወጣ» አለ ኦረስት፣ «ብረቱ ይንቀጠቀጣል፤
ካልታገሥሽው ዜሮ ይልሻል፤ ከታገሥሽው ግን ያወራል።
ያ ዙር ሥራ ፈት አይደለም፤
እኔ ነኝ ስም ያላወጣሁለት።»
ከጀርባው ነፋስ ይሰማኛል፤ ዓሣው ሳይጎትተው አልቀረም፣ ዘጋው።

ከቆጣሪው ፊት አንዲት ቃል ጨመርኩ፣ «አትንካው» የምትል፣
«አንተ የማታየው ጉዳይ አለው» የምትል።
ሚስስ ዳይክ መልሳ ወጣች። ብረቱ ተንቀጠቀጠ። ቆየ።
ሠላሳ ሺህ አራት መቶ ሃያ ኪሎ ብሎ ታየ።

ማታ አክስቴ ይርገዱ ደወለች፣ ከኤድመንተን፣ እንደ ልማዷ።
ሌላ ጊዜ ሁለተኛው «ደህና ነሽ?» ላይ «ደህና ነኝ አልኩ እኮ» እላለሁ፤
የተደጋገመውን አንዴ አድርጌ ወደ ስክሪኔ እመለሳለሁ።
ዛሬ ግን ቆጠርኩ።
«ደህና ነሽ?» «ደህና።» «ሥራው?» «ደህና።» «ብርዱስ?» «ደህና።»
«አንቺስ፣ ደህና ነሽ ወይ?» «ደህና ነኝ፤ አንቺስ?» «እኔማ ደህና።»
«ደህና?» «ደህና።»
አምስተኛው ላይ ትንፋሿ ተንቀጠቀጠ፤ ስድስተኛው ላይ ረጋ፤
«ሐኪም ቤት ነበርኩ» አለችኝ፣ «ቅዳሜ ሌሊት፣ እስኪነጋ።»

«ቀጥዪ» አልኳት።
ማሞቂያው ተጠግኗል፤ ቤቱ ገና አልሞቀም።